አንዳንዴ የሚነሳ፣ አንዳንዴ እምቢ የሚል አሮጌ መኪና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አነሳስ ችግር ከሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ «መኪናዬ አንዳንዴ አልነሳ ይላል» ብለው ያበቃሉ። መልስ ለመስጠት ግን ቁልፉ ሲዞር ምን እንደሚሰማ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ሞተሩን ጨርሶ ካላዞረ ወይም እየጎተተ ካዞረ ፍተሻው ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ ባለው መስመር ላይ ነው። እንደ ወትሮው እያዞረ ሞተሩ ካልተቀጣጠለ ደግሞ ባትሪና ሞተሪኖን ይተዉአቸው፤ የጎደለው ነዳጅ ወይም የካንዴላ ብልጭታ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የሚጀምሩ ሰዎች ደህናውን ዕቃ እየቀየሩ ገንዘባቸውን ይጨርሳሉ። ከዚህ በታች ላለው ምርመራ አንድ ዲጂታል ቴስተር (የቮልትና የኦም መለኪያ) ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው እያቃሰተ ነው የሚያዞረው። ባትሪው ዓመት አልሞላውም። ሞተሪኖ ልቀይር?

መልስ፦ ገና አይንኩት። ባትሪው አዲስ ነው ማለት ሞልቶ አድሯል ማለት አይደለም። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ምንም ሳያበሩ፣ ሁለቱን የባትሪ ምሰሶዎች ይለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ነው። ከ12.4 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ያድርጉት፤ ባልሞላ ባትሪ የተደረገ ፍተሻ ያሳስታል።

ቀጥሎ ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ጥቅል) ቀጭን ገመድ ይንቀሉ (በናፍጣ ከሆነ የፓምፑን የነዳጅ መዝጊያ ሶሎኖይድ ገመድ)፤ ማርሹ ኒውትራል ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ቴስተሩ ባትሪው ላይ እንዳለ ሌላ ሰው ቁልፉን ይያዝልዎ። ሲያዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልኩ በላይ ኮረንቲ ይስባል። ባትሪው 11 ቮልት ላይ ቆሞ ሞተሪኖው የሚያቃስት ከሆነ ግን ኮረንቲው መንገድ ላይ እየቀረ ነው። በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይኸኛው ነው፤ ደግነቱ ጥገናው ርካሽ ነው።

የት እንደሚቀር እንዲህ ይታወቃል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ማለትም ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ወፍራሙ ገመድ በሚታሰርበት የሞተሪኖ ብሎን ላይ አድርገው ያስዙሩ። ንባቡ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከኔጌቲቭ ምሰሶው እስከ ሞተሪኖው አካል ይለኩ፤ እዚህ የሚፈቀደው 0.2 ቮልት ገደማ ነው። ብዙ ሰው ቀዩን ገመድ አሳድሶ የማሳውን፣ ማለትም ወደ ኔጌቲቭ የሚመልሰውን፣ ይረሳል። ሞተሩ ኮረንቲ በማያሳልፉ የላስቲክ መደገፊያዎች ላይ ስለተቀመጠ፣ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ከተበጠሰ ወይም ከዛገ ኮረንቲው ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። ሲያስነሱ የነዳጅ መርገጫው የብረት ገመድ የሚግል ከሆነ በዚያ በኩል እየተመለሰ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ማሳውን ያሠሩ።

ንባቡ የበዛበትን ወገን ካገኙ መገናኛ በመገናኛ እየለኩ ይቅረቡ፤ አንድ መገናኛ ብቻውን ከ0.1 ቮልት በላይ መብላት የለበትም። ፈትተው በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፍቀው ያጥብቁት። ሲፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድመው፣ ሲያስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ ያድርጉ። ውጪው ደህና የሚመስል ገመድ ማሰሪያው አጠገብ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ሊበሰብስ ስለሚችል ሽፋኑን ትንሽ ገለጥ አድርገው ይዩት። ሞተሪኖ የሚወርደው ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ችግር የለበትም። ረጅም መንገድ ነድቼ ሳጠፋው ግን አንዴ «ጠቅ» ይልና ዝም ይላል። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ይነሳል።

መልስ፦ ጠቅታው በፍጥነት የሚደጋገም ቢሆን ወደ ላይኛው መልስ እንመራዎት ነበር፤ እሱ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ማሰሪያ ድምፅ ነው። አንድ ጠንካራ ጠቅታ ግን የሞተሪኖው ሶሎኖይድ (በኮረንቲ ተስቦ ሞተሪኖውን የሚያገናኘው ማብሪያ) እንደተሳበ፣ ሞተሪኖው ግን እንዳልዞረ ይናገራል። መዳብ በግለቱ መጠን ኮረንቲን የመቃወም ጠባዩ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሞተሪኖው ማርሚታው አጠገብ ሆኖ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ከጨመረ የሶሎኖይዱ ጥቅል ተቃውሞ በሢሶ ያድጋል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሳለ ለጥቂት ያለፈው ያኔ ይወድቃል።

ይህ ችግር የሚለካው ባለበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ቀዝቅዞ ጋራዥ ሲደርስ ሁሉም ደህና ነው። ስለዚህ ቴስተሩን መኪናው ውስጥ ያኑሩት። እምቢ ሲል ከቁልፍ የሚመጣው ቀጭን ገመድ ሶሎኖይዱ ላይ ሲደርስ ስንት ቮልት እንዳለው ቁልፉ ተይዞ ይለኩ። 8 ወይም 9 ብቻ ከሆነና ባትሪው 12 አካባቢ ላይ ከቆመ፣ ቮልቱ ያረጀው የቁልፍ ማብሪያና ረጅሙ ቀጭን ገመድ ላይ ቀርቷል። መፍትሔው ባለ 40 አምፔር ሬሌ (በትንሽ ኮረንቲ ታዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ) ማስገባት ነው፦ የቁልፉ ገመድ ሬሌውን ብቻ ያዛል፣ ሶሎኖይዱ ደግሞ ከባትሪው በፊውዝ በኩል በ4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይመገባል።

በቀጭኑ ገመድ በቂ ቮልት ከደረሰ ወደ ሁለቱ ትልልቅ ብሎኖች ይሂዱ። ከሶሎኖይዱ ወደ ሞተሪኖው ውስጥ የሚገባው ብሎን ጠቅ ሲል ምንም ካላሳየ የሶሎኖይዱ የመዳብ ንክኪዎች ተቃጥለዋል፤ በብዙ ሞተሪኖዎች ለብቻቸው ይቀየራሉ። ቮልት እያሳየ ካልዞረ ካርቦኖቹ (ኮረንቲውን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፉት) አልቀዋል። ሞተሪኖውን በመዶሻ እየመቱ ማስነሳት የተለመደ ነው፤ ግን በቋሚ ማግኔት የሚሠራ ከሆነ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ሞተሪኖውን ሙሉ በሙሉ ያጡታል።

ጥያቄ፦ ባለ ካርቡራተር መኪና ነው። ቁልፉን ስይዘው ሞተሩ ይነሳል፤ ስለቀው ወዲያው ይጠፋል።

መልስ፦ በብዙ የቆዩ የቤንዚን መኪኖች ቦቢናው ከባትሪ በታች የሆነ ቮልት እንዲያገኝ መስመሩ ላይ ሬዚስተር ይገባል። ሞተሪኖው ሲያዞር የባትሪው ቮልት ስለሚወርድ ሬዚስተሩ ታልፎ ቦቢናው በቀጥታ ይመገባል። ቁልፉ ሲለቀቅ ኮረንቲው ወደ ሬዚስተሩ ይመለሳል፤ እሱ ከተቆረጠ ሞተሩ በዚያችው ቅጽበት ይጠፋል። ገመዶቹን ነቅለው ይለኩት፦ ደህና ሬዚስተር 1 ወይም 2 ኦም አካባቢ ያሳያል። እሱ ደህና ከሆነ የቁልፍ ማብሪያውን ይመርምሩ። ሬዚስተሩን ዘሎ በቀጥታ ማገናኘት ለዕለቱ ያደርስዎታል፣ ግን ቦቢናው ግሎ ይቃጠላል። ሬዚስተር የሚፈልግ ቦቢና የመጀመሪያ ጥቅሉ 1.5 ኦም ገደማ፣ የማይፈልገው 3 ኦም ገደማ ነውና አዲስ ሲገዙ ለክተው ይግዙ።

ጥያቄ፦ አውቶማቲኩ መኪናዬ ፓርክ ላይ አንዳንዴ ጠቅ እንኳ አይልም።

መልስ፦ ፍሬን ረግጠው ኒውትራል ላይ ይሞክሩ። እዚያ የሚነሳ ከሆነ የማርሹ ደኅንነት ማብሪያ ተበልቷል ወይም ከቦታው ተንቀሳቅሷል። ብዙ ጊዜ ማስተካከል ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የናፍጣ ፒክአፕ ካደረ በኋላ ተነስቶ ይጠፋል፣ ከዚያ ብዙ ካዞርኩት በኋላ ይነሳል። ቀን ላይ ምንም አይል። ካንዴሌታዎቹን (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ቀይሬያለሁ።

መልስ፦ በሚያዞሩበት ጊዜ ሰው ማርሚታውን ይመልከትልዎ። ነጭ ጭስ ከወጣ ነዳጁ ደርሷል፣ አልተቃጠለም፤ ያኔ የካንዴሌታ መስመር ወይም ኮምፕሬሽን ይፈተሻል። ምንም ጭስ ከሌለ ነዳጁ ራሱ አልደረሰም። ተነስቶ መጥፋቱ ሁለተኛውን ያስጠረጥራል፦ ፓምፑ ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ይነሳና አየሩ ሲደርስ ይጠፋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠዋት ቁልፍ ከመንካትዎ በፊት ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ይጫኑ። ወዲያው ከተነሳ ሌሊቱን አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ታንከሩ ይመለሳል። «የሚያንጠባጥብ ነገር የለም» ብለው አይዘናጉ፤ ከታንከር እስከ ፓምፕ ያለው መስመር የሚስብ ስለሆነ ናፍጣ የማይወጣበት ቀዳዳ አየር ያስገባል። የፊልትሮውን ጎማ፣ የእጅ ፓምፑን ዲያፍራም፣ የጎማ ቱቦዎቹን ማሰሪያና የኖዝሎቹን መመለሻ ቱቦዎች ይዩ። ፓምፑ አጠገብ ናፍጣ የሚችል ግልጽ ቱቦ ለጊዜው ቢያስገቡ አረፋውን በዓይንዎ ያያሉ። ማስነሻ ስፕሬይ ግን ካንዴሌታ ያለው ሞተር ላይ በፍጹም አይንፉ፤ የጋለው ካንዴሌታ ያለጊዜው ያፈነዳውና ፒስተን ይሰብራል።

ጥያቄ፦ የቤንዚን ኢንጀክሽን ነው። ካደረ በኋላ አሥር ሰከንድ ያህል ሲያዞር ቆይቶ ይነሳል።

መልስ፦ ሞተሪኖውን ሳያስዞሩ ቁልፉን ለሁለት ሰከንድ ብቻ ያብሩት፣ ያጥፉት፣ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ያስነሱ። ወዲያው ከተነሳ የነዳጁ ግፊት ሌሊት ይወርዳል፤ ተጠርጣሪዎቹ የፓምፑ መመለሻ ከልካይ ቫልቭ፣ የግፊት መቆጣጠሪያውና የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ናቸው። ሲነሳ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካለው ኢንጀክተሩን ያስቀድሙ።

ጥያቄ፦ መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁለተኛ አያስደርጉት። ባትሪው በድንገት ሲለይ የዲናሞው ቮልት ይዘላል፤ ዳዮዶቹን፣ መቆጣጠሪያውንና የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ መለካት በቂ ነው፦ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት። የፊት መብራትና ማራገቢያ ሲበራም ከ13 በታች መውረድ የለበትም።

ጥያቄ፦ አንዳንዴ ሞተሪኖው ብረት የሚፍቅ ድምፅ እያሰማ በባዶ ይዞራል፤ መኪናውን በማርሽ ትንሽ ስንገፋው ይነሳል።

መልስ፦ የቮላኖው፣ ማለትም ሞተሪኖው ይዞ የሚያዞረው የሞተሩ ትልቅ ክብ ብረት፣ ጥርስ ተበልቷል። ሞተር ሲጠፋ በማንኛውም ቦታ አይቆምም፤ ባለ አራት ሲሊንደሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ተቃራኒ ቦታዎች ላይ ይቆማል፣ ሞተሪኖውም ሁልጊዜ እነዚያኑ ጥርሶች ይመታል። መግፋቱ ደህና ጥርስ ስለሚያመጣ ነው የሚነሳው። ሞተሪኖው ሲወርድ በቀዳዳው በኩል በባትሪ መብራት እያዩ ሞተሩን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት። ጥርሱ ከተበላ ባለ ጥርሱ ቀለበት እስኪቀየር አዲስ ሞተሪኖ አይግጠሙ፤ የአዲሱን ፒኞንም (ትንሹን ባለ ጥርስ ማርሽ) ይበላዋል። ለዚህ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) መውረዱ ስለማይቀር የፍሪሲዮኑን ዲስክም አብረው ይዩት።