ለጥምቀት ጎንደር ቤት ለምትከራዪው እህት፦ ቀብዱን ለደላላው እንዳትልኪ

ሰላም እህቴ። ለጥምቀት ከእናትሽና ከሁለት ልጆችሽ ጋር ጎንደር ልትመጪ እንደሆነ፣ ከሆቴል ዕቃው የተሟላ አፓርታማ እንደመረጥሽ፣ ደላላው ደግሞ «ዛሬ ቀብድ ካላስገባሽ ቤቱ ይሄዳል» እያለ እንደሚያጣድፍሽ አነበብኩ። እኛንም ደላላችን ያጣደፈን ልክ በዚሁ አፍ ነው። «ከተማዋ ውብ ናት፣ ትወጃታለሽ» የሚሉሽን ለጊዜው ተያቸው።

1. ቀብድ። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። በእነዚህ ቀናት ጎንደር ላይ ባዶ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው፣ ደላላው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ለእኛ የላከው ፎቶ ነጭ ሶፋ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከበረንዳው ማዶ የፋሲል ግንብ የሚታይበት ነበር። የባሌ ወንድም የኪራዩን ግማሽ በደላላው ስም አስገባ። ደላላው «ምክንያት» በሚለው ቦታ ምንም እንዳንጽፍ ነግሮን ነበር፤ ባንኩ ያዘገየዋል ብሎ! እህቴ ባንክ ነው የምትሠራው፣ ስነግራት ሳቀችብን። ማታ አዘዞ ከአውሮፕላን ወርደን፣ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ልጅ ትከሻችን ላይ ተኝቶ ፒያሳ ስንደርስ ደላላው «ያ እንኳ ተይዟል፣ ግን የተሻለ አለ» አለን። የተሻለው ዳገት ላይ ያለ፣ ሊፍት የሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ነው። አማቴ ደረጃውን ቀና ብለው አዩና ከታች ቁጭ አሉ። «እኔ እዚሁ አድራለሁ፣ እናንተ ውጡ» አሉ።

በማግስቱ ለአቤቱታ አንድ ቢሮ ሄድን፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ደረሰኙን አገላብጦ አየና «ይሄ ለዘመድ የተላከ ብር ሊሆን ይችላል፣ ኪራይ የሚል የት አለ?» ብሎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። አማቴን ተቀመጡ እንኳ አላላቸውም። ብሩ ቀረ። ያ ሰውዬ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ቀብድ የምትልኪው በባለቤቱ ስም ነው፣ የሒሳቡ ስምና የመታወቂያው ስም አንድ መሆኑን አይተሽ። ምክንያቱ ላይ «ከጥር 9 እስከ 13 የቤት ኪራይ ቀብድ» ብለሽ ጻፊ። ፎቶ አትቀበይ፤ በቪዲዮ ደውለው ከመንገዱ በር ጀምረው እስከ መኝታ ቤቱ እየሄዱ ያሳዩሽ። ደላላውማ ድርሻውን ይውሰድ፣ እንጀራው ነው፤ ግን ቁልፉን ከጨበጥሽ በኋላ።

2. ውሃ። ከተማው ሰፍቷል፣ አንገረብ ግድብ ደግሞ ደለል እያስቸገረው ነው፤ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። «ውሃ አለ ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂ ሁሉም አለ ይልሻል። ሮቶው ስንት ሊትር ነው፣ ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ ለሕንጻው ሁሉ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው ይወርዳል ወይ በያቸው። ይህን ያስተማሩኝ በኋላ ያረፍንባቸው እትዬ ናቸው። እንዴት አገኘናቸው መሰለሽ፦ ያን ምሽት አማቴ የተቀመጡበት ደረጃ አጠገብ ቡና የምትሸጥ ልጅ ነበረች። ጀበናዋን እየሰበሰበች ሁኔታችንን ስታይ ቆየችና «ኧረ ቤት ለእንግዳ! አክስቴ ጋ ልደውልላችሁ» አለች። በቀሃ በኩል፣ ምድር ቤት፣ ሁለት መኝታ፣ ዋጋውም ከደላላው ያነሰ። እትዬ መጀመሪያ ያሳዩኝ ሶፋውን አይደለም፣ በጓሮ በኩል ወስደው ሮቶውን ነው። በጣታቸው አጥንት ከላይ ወደ ታች እያንኳኩ «ድምፁ የተደፈነበት ጋ ነው ውሃው፣ ከዚያ በላይ ባዶ ነው» አሉኝ። አሁን የትም ስከራይ መጀመሪያ የማንኳኳው ሮቶ ነው፣ ባሌ ይስቅብኛል።

3. ሰፈር። እናትሽ ስላሉ ከባሕረ ጥምቀቱ ብዙ አትራቂ። ታቦታቱ ሲወርዱና ሲመለሱ መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ባጃጅም አያልፍም፣ በእግር ነው። አዘዞ ርካሽ ነው የሚልሽን አትስሚ፤ በዓል ለማየት መጥተሽ ቀኑን መንገድ ላይ ትጨርሺዋለሽ። ፒያሳ ለሁሉም ይቀርባል፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጭፈራ ነው። ለእኔ ግድ አልነበረኝም፣ ለአማቴ ነው እንጂ።

ብርድ ልብስ ተጨማሪ ጠይቂ፣ የጥር ሌሊት ይበርዳል። «የተሟላ ወጥ ቤት» ማለት አንዳንዱ ጋ አንድ ምድጃና ሁለት ብርጭቆ ነው፣ ድስት ስንት እንዳለ ሳይቀር አስቆጥሪ።

የእትዬን ስልክ ሳላስፈቅዳቸው እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እጠይቅልሻለሁ፣ ግን ኅዳር ሳያልቅ ይሁን። ታኅሣሥ ከገባ እኔንም «ልጄ፣ ዘገየሽ» ነው የሚሉኝ።