ሁልጊዜ ፊት የሚወጡት ያው ልጆች

ጥያቄ፦ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። መስማት የተሳናቸው፣ ዊልቸር የሚጠቀሙና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች አሉን። ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቅሉትም፣ የክፍል አለቃ የሚሆኑትም ግን የሚናገሩትና የሚራመዱት ብቻ ናቸው። ምን ይሻላል?

መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ መምህርት፣ መጀመሪያ መድረኩን ይለኩት። 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ላለው አንድ ደረጃ ብቻ፣ በ1 ለ12 ስሌት (ለ1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት)፣ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ለስሙ ያህል አጭር ተደርጎ ይሠራና ቀጥ ያለ አቀበት ይሆናል፤ ልጁም ገፊ ሲጠብቅ ተራው ያልፋል።

መስማት ለተሳናቸው መቀመጫውን በግማሽ ክብ ያድርጉት፤ እርስ በርስ ካልተያዩ ውይይት የለም። መስኮት ከጀርባዎ ከሆነ ፊትዎና እጅዎ ይጠቁርባቸዋል። ወደ ሰሌዳው ዞረው አይናገሩ።

ዋናው ግን የክፍል አለቃ ምርጫው ነው። እጅ በማውጣት ሲሆን ረዳቷ የልጁን እጅ ታነሳለች፤ ያ የእሷ ድምፅ እንጂ የእሱ አይደለም። በየጣሳው ላይ የእጩዎቹን ፎቶ ይለጥፉ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በመረጠው ጣሳ ውስጥ የሚጥለው አንድ ጠጠር ይስጡ። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ፤ አንዳንዱ ለመወሰን 10 ሰከንድም አይበቃው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 7፣ ልጆች ሐሳባቸውን ለመግለጽ እንደ ጉዳታቸው እገዛ እንዲያገኙ ያዛል።

የሰንደቅ ዓላማውን ሥራ ደግሞ ይከፋፍሉት፦ አንዱ ይዘርጋ፣ አንዱ ገመድ ይሳብ፣ ሌላው በእጅ ምልክት ያስጀምር። ተራውን በፎቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፉና በየሳምንቱ ይቀይሩት።