ማህፀኑ ሲጠነክር በእጅ ምን ይመስላል?

የኅብረተሰብ ጤናን ለምትማሩና ለምትመራመሩ ልጆቼ፤

ባለፈው ወር አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ደብረ ብርሃን ቤቴ ድረስ መጥቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ሐሳብ አሳየኝ። አዋላጅ ተማሪዎች ከወሊድ በኋላ የሚመጣን የደም መፍሰስ ማከም በቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራን ቦታ እውነተኛ አስመስሎ በሚያሳይ መነጽር እንዲለማመዱ አድርጎ የሥልጠናውን ውጤት ሊለካ አስቧል። የሚለካውም ሥልጠናው ሊጀመር ሲል አንድ ፈተና፣ ባለቀበት ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ፈተና በመስጠት ነው። ሻዩን እየጠጣ «ጋሼ፣ ውጤታቸው ከጨመረ ሠለጠኑ ማለት አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። የዋህ ጥያቄ አልነበረም፤ ታትመው የምናነባቸው ብዙ ጥናቶች ከዚህ አያልፉም። እኔ ግን መልስ መስጠት ትቼ ስለ መነጽሩ ዋጋ ጠይቄ ጨዋታውን አስቀየርኩ። ያን ቀን ሳልናገረው የቀረሁትን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

በ1991 ዓ.ም. እኔም እንደ እሱ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። መንዝ ውስጥ ከየክሊኒኩ የተሰበሰቡ ነርሶችንና ጤና ረዳቶችን በወሊድ ጊዜ ስለሚያጋጥሙ ችግሮች ለአምስት ቀን አሠለጠንኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ መንዝን በታኅሣሥ የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ምን ይመስል እንደነበር መጠየቅ አያስፈልገውም። ሠልጣኞቹ ባናቸውን እንደ ደረቡ ይጽፋሉ፤ እስክሪብቶው አልጽፍ ሲላቸው በእስትንፋሳቸው እያሟሟቁ ይቀጥላሉ። እኔም ከአዲስ አበባ ተሸክሜ የሄድኩትን በትልልቅ ወረቀት ላይ የተሳለ ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ በእንጨት እየጠቆምኩ አስተምር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ጤና ረዳት እጇን አወጣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ ልጅ ነበረች። «መምህር፣ ልጁና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ደሙ እንዲቆም ማህፀኑ ይጠነክራል ብለዋል፤ ሲጠነክር በእጅ ምን ይመስላል?» አለች። እኔም መጽሐፉ እንደሚለው «እንደ ኳስ ነው» አልኳት። ጻፈችው፤ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፍኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ እኔ ራሴ በእጄ የዳሰስኳቸው ወላዶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚያ በፊት የቆየሁት ሸዋሮቢት ቆላ ወርጄ ከወባ ጋር ነው። የወባ ሥራ ያበላሸኝ ይመስለኛል። ማይክሮስኮፕ ሥር የምታስገቡት የደም ናሙና ጥገኛ ተውሳኩ አለበት ወይም የለበትም፤ ታያላችሁ፣ ትቆጥራላችሁ፣ ትመዘግባላችሁ። ሌላውም ዕውቀት ሁሉ እንደዚያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተቆጥሮ የሚያልቅ መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን በሰጠሁት ፈተና ያቺ ጤና ረዳት ከ20 ጥያቄ 18ቱን መለሰች፤ ከሁሉም የበለጠችው እሷ ነበረች። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከወሊድ በኋላ ጤነኛ ማህፀን ሲዳሰስ ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ሲሆን፣ «እንደ ኳስ ጠንካራ» የሚለውን በትክክል አክብባለች።

በግንቦት ወር ወደ መንዝ ተመለስኩ። ሥልጠናው ምን እንዳፈራ ለማየት የሄድኩ እንዳይመስላችሁ፤ የአበል ፔሮሉ ላይ የሦስት ሰው ፊርማ ጎድሎ ሒሳብ ክፍል አላወራርድም ስላለኝ ነው። ከሦስቱ አንዷ እሷ ነበረች። ክሊኒኳ ደጃፍ ላይ ቆማ መርፌ ስትቀቅል አገኘኋት፤ እጇን በጋውኗ ጠርጋ ፈረመችና እስክሪብቶውን ሳትመልስልኝ መናገር ጀመረች።

«በሌሊት በቃሬዛ አመጧት። ልጁ በደኅና ተወለደ፤ የእንግዴ ልጁም ወጣ። ደሙ ግን አልቆመም። እንዳስተማሩኝ ሆዷን አሸሁላት። ከእጄ ሥር ያለው ነገር ይጠንክር አይጠንክር ግን መለየት አቃተኝ። ኳስ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ኳስ ይዤ አላውቅም መምህር። በሶ ቢሉኝ ኖሮ አውቀው ነበር። በደንብ የተጨበጠ በሶ ነው ወይስ ውሃ የበዛበት ነው ቢሉኝ፣ በጨለማም እለየው ነበር።»

ሴትዮዋ ሊነጋጋ ሲል ወደ ሆስፒታል በሸክም እየወሰዷት መንገድ ላይ ሞተች። ጤና ረዳቷ ደሙ ብዙ እንዳልመሰላትም ነገረችኝ፤ ከሥር የተነጠፈው ጭድና ጋቢው መጥጦት ስለነበር ወለሉ ላይ የሚታየው ትንሽ ነው። ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? «አይዞሽ» አልኳት፤ ፔሮሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ። የሟቿን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። በመመረቂያ ጽሑፌም የሠልጣኞቹ ዕውቀት ጉልህ በሆነ መጠን እንደ ጨመረ ጻፍኩ፤ ሐሰት አልነበረም፣ ጨምሯል። የሰማሁትን ግን በማጠቃለያው እንኳ አላነሣሁትም። የመረጃ መሰብሰቢያው ጊዜ አልፏል፣ አንድ ሰው የተናገረው ነገር መረጃ አይሆንም፣ ደግሞም ክሊኒኩ ውስጥ ማህፀን የሚያኮማትር መርፌ አልነበረም፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሥልጠናው አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የመርፌው ነገር እውነት ነው፤ ዛሬም እውነት ነው። ግን ያን ማስተባበያ ባሰብኩት ቁጥር የሚታየኝ እስክሪብቶዬን እንደ ያዘች የቀረች እጇ ነው። በዓመቱ፣ በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች እንደሚሞቱ ሲገምት፣ ሌሎች ቁጥሩን አነበቡት፤ እኔ አንዷን አውቃት ነበር፤ ያውም ስሟን ሳላውቅ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግምቱ ወደ 412 ወርዷል፤ ብዙ ሰው ብዙ ደክሞበታል፤ 412ም ቢሆን ግን ትንሽ ቁጥር አይደለም።

አሁን ወደ መነጽሩ ልመለስ። አዲስ ነገር ሁሉ የሚያስፈራው ሽማግሌ አድርጋችሁ እንዳታዩኝ፤ ተማሪው አሜሪካ ያለ አጎቱ የላከለትን መነጽር ይዞ መጥቶ ስለነበር አጥልቄው አይቻለሁ። ከፊቴ የተኛችው ሴት ደሟ አልጋውን ሲያለብሰው ቤቴ መሆኔን ረስቼ ወደ ኋላ ስሸሽ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተጋጨሁ፤ ባለቤቴ እስከ ማታ ስትስቅብኝ ዋለች። ሰውን እንደዚህ የሚያስደነግጥ መሣሪያ ለማስተማርም ይጠቅማል። እንደ መጫወቻ ስለሚመስልም መናቅ የለበትም፤ ዓለም ሁሉ ለልብና ለትንፋሽ መመለሻ ሥልጠና የተጠቀመበትን አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራው አስሙንድ ሌርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የመጫወቻ አምራች ነበር።

ነገር ግን አንድ ጥናት ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ 16 የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ የሐሞት ከረጢት ማውጣትን በቨርቹዋል ሪያሊቲ ተለማመዱ። ተመራማሪዎቹ የለኩት ወረቀት ላይ አልነበረም። ሁሉንም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብተው እውነተኛ ሕመምተኛ ላይ ሲሠሩ በቪዲዮ ቀረጿቸው፤ ቪዲዮውን የገመገሙትም የትኛው እንደ ተለማመደ የማያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ። የተለማመዱት 29 ከመቶ ፈጠኑ፤ ያልተለማመዱት ደግሞ የሐሞት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ አካል የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። 16 ሰው ብቻ! እናንተ የናሙና ብዛት አነሰ እያላችሁ ስትጨነቁ አያለሁ፤ እነዚያ ግን እጅን ተከትለው እስከ ሕመምተኛው ስለሄዱ ሥራቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 52 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሳተፉበት የተመራማሪው ማክራንስኪና የባልደረቦቹ ጥናት፣ አንዱን የቤተ ሙከራ ልምምድ በመነጽር ያዩት በኮምፒውተር ካዩት ይልቅ በቦታው የመገኘት ስሜት ቢያድርባቸውም የተማሩት ግን ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እኔ ቁም ሳጥኑን የመታሁበት ድንጋጤ ትምህርት ነው ብሎ ማንም አይማልልኝም።

የዛሬ ወጣቶች ላይ የማየው አንድ ነገር አለ፤ ብናገረው ቅር አይበላችሁ። ወደ እኔ የምትመጡት ጥያቄው ሳይጣራ የሚታተምበትን መጽሔት መርጣችሁ ነው። ፒ ቫልዩው፣ ያ ውጤቱ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ እንዳይሆን የምንመዝንበት ቁጥር፣ ከወጣ በኋላ ሠልጣኙ የት እንደ ገባ የሚጠይቅ አላየሁም። በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም ልል ነበር፤ ከላይ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ግን አፌን ያዝኩ።

ተማሪው ባሳየኝ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የማዋለጃ ክፍልም አሳሰበኝ። ግድግዳው ላይ ኦክስጅን አለ፤ ማሳያው የልብ ምቱን ይቆጥራል፤ ቁልፉ ሲነካ አራት ሰው በሩን ከፍቶ ይገባል። በገጠር ጤና ጣቢያ ሌሊት ላይ በሩን የሚከፍተው የጥበቃው ሠራተኛ ነው፤ እሱም የእጅ ባትሪ ይዞ። መነጽሩ በአንድ ሙሌት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቢሠራም መብራት በጠፋ ማግስት ማን ሞልቶ እንደሚያቆየው ማሰብ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ የሴትዮዋን ሆድ ላሽ ብዬ እጄን ሳወርድ ጣቶቼ የጨበጡት የመቆጣጠሪያውን ፕላስቲክ ነበር። ዐይኔ ደም ያያል፤ ለእጄ ግን ከ27 ዓመት በኋላም የሚነገረው ገና «እንደ ኳስ» ነው።

እዚሁ ደብረ ብርሃን አብረን ያስተማርን አንዲት አንጋፋ አዋላጅ ነበሩ። ከአሮጌ ባና ሁለት ከረጢት ሰፍተው አንዱን ላላ አድርገው፣ ሌላውን ጠቅጥቀው ሱፍ ሞልተውበታል። ተማሪዎቹን ዐይናቸውን በነጠላ አስረው ሁለቱን እያፈራረቁ ያስጨብጧቸው ነበር፤ የተሳሳተ ተማሪ አያልፍም፣ እንደገና ይታሰራል። ስለ ዘዴያቸው አንዲት ገጽ ሳይጽፉ ጡረታ ወጡ። እኔም አጠገባቸው አሥር ዓመት ተቀምጬ አልጻፍኩላቸውም፤ ያኔ ምርምር አልመሰለኝም ነበር። የመነጽሩን ሥልጠና ከእንደዚህ ዓይነት ከረጢት ጋር አጣምሮ የሚፈትን ሰው ቢገኝ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነበው ያን ጽሑፍ ነው።

ደም በጭድና በጋቢ ተመጥጦ ትንሽ የመምሰሉን ነገርም አንድ ትልቅ ጥናት ፈትሾታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በ80 ሆስፒታሎች የወለዱ ከ210,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ ነው። ከወላዷ ሥር መጠን የሚያሳይ ምልክት ያለው የፕላስቲክ ደም መሰብሰቢያ ተደረገ፤ ደም መፍሰሱ እንደ ታወቀም ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ ደም እንዲረጋ የሚረዳ መድኃኒት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ምርመራው በአንድ ጊዜ ተሰጠ። ከባድ የደም መፍሰስን፣ በእሱ ምክንያት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናንና ሞትን አንድ ላይ የያዘው መለኪያ በ60 ከመቶ ቀነሰ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ሌላው ቁጥር ነው፦ በተለመደው አሠራር ደም ከፈሰሳቸው ሴቶች የታወቀላቸው 51 ከመቶው ሲሆኑ፣ በመሰብሰቢያው 93 ከመቶው ታወቀላቸው። ግማሾቹን ዐይን ስቷቸዋል፤ ያውም በሆስፒታል፣ በመብራት። ያቺ ጤና ረዳት በኩራዝ ጭሱ መካከል ምን ልታይ ኖሯል?

ስለ ሥነ ምግባር ፈቃድና ስለ ናሙና አወሳሰድ አማካሪዎቻችሁ ስለሚነግሯችሁ እኔ አልደግመውም። ለዚያ ተማሪ ግን ያልመለስኩለት መልስ ይህ ነው። ልጄ፣ ፈተናውን ተወው አልልህም፤ የማያነብ እጅም ያስፈራኛል። ነገር ግን በሥልጠናው ማግስት የሚሰጠው ፈተና ጥናትህን እንዲዘጋው አትፍቀድ። ፕሮግራሙን ከመሥራትህ በፊት በገጠር ጤና ጣቢያ ሌሊት ተረኛ ከሆኑ አዋላጆች ጋር ሁለት ሌሊት እደር፤ ማህፀን ሲላላና ሲጠነክር በምን እንደሚመስሉት እነሱን ጠይቃቸው፤ ቃላቸውንም እንዳለ ጻፈው። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ የሠለጠኑትን ባሉበት ፈልጋቸው። አንዷ ጥያቄ ከጠየቀችህና መልሱ ከመጽሐፍ ብቻ ከሆነ፣ ከመጽሐፍ መሆኑን ንገራት።

ስድስት ወሩ የሚሞላው ታኅሣሥ ላይ ነው ብለኸኛል። ጉልበቴ ዳገት እምቢ ስላለኝ ከቤት አልወጣም ብዬ ነበር፤ መኪና ካለ ግን መንዝ፣ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ። ለብርዱ ሁለት ባና አለኝ፤ ከረጢቱን ለመስፋት ደግሞ አሮጌውን እንቆርጠዋለን።