ሳይኮሎጂ ልማር ወይስ ልዩ ፍላጎት?

የአንባቢያን ጥያቄና የመምህርት መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ መምህርት? አምድዎን የማነበው እናቴ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት መጽሔቱን እየተዋስኩ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ መጥቶልኝ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ነኝ። የልዩ ፍላጎት መምህርት መሆን እፈልጋለሁ። ምክንያቱን አልደብቅዎትም። የ11 ዓመት ወንድሜ ዳውን ሲንድረም የሚባለው፣ አብሮ የሚወለድ የእድገት ችግር አለበት። ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ነው የሚገባው። ጓደኞቼ «ሳይኮሎጂ ይሻልሻል» ይሉኛል። አባቴ ከፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ «ሳይኮሎጂ ተምረሽ እብድ ልትጠብቂ ነው? አካውንቲንግ ግቢ» ይላል። ሳይኮሎጂ ብማር የልዩ ፍላጎት መምህርት መሆን እችላለሁ? ወይስ በቀጥታ ልዩ ፍላጎት ልማር?
ሐ. ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። የአንቺም የወንድምሽም ጉዳይ አለ፤ ከአንቺ ልጀምር።

የምትፈልጊው ጠዋት ጠዋት ክፍል ገብቶ ልጅ ማስተማር ከሆነ በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኛውን ልጅ ከሌላው ጋር አብሮ ማስተማር) በኩል ግቢ። ስለ ልጅ እድገት፣ ስለ መማርና ስለ ባሕርይ የሚያስተምረውን የሳይኮሎጂ ክፍል እዚያው ታገኚዋለሽ። ሳይኮሎጂ ብቻ የተማረ ሰው ግን ብሬል (ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡትን ጽሕፈት) ሳይነካ፣ በምልክት ቋንቋ ስሙን እንኳ መናገር ሳይችል ሊመረቅ ይችላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ትምህርቱ ለዚያ አልተዘጋጀም። ከዚያ በኋላ መምህር ልሁን ቢልም በአፕላይድ (ለመምህርነት ባልተዘጋጀው) ዲግሪው ላይ የማስተማር ስልጠና፣ ፒጂዲቲ የሚሉትን፣ መጨመር ይኖርበታል። እኔ የመጣሁት በሌላ በኩል ነው። መጀመሪያ ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት በኮሌጅ ሰለጠንኩ፤ ሳይኮሎጂውን ኋላ በክረምት መርሐ ግብር ተማርኩ። ክፍል ውስጥ ያየኋቸው ልጆች ፊታቸው እየመጣ ስለነበር ንድፈ ሐሳቡ ቶሎ ገባኝ። ለሥራዬ የጠቀመኝ ቅደም ተከተልም ይኸው ይመስለኛል።

አንድ ነገር አደራ። ምርጫ ስትሞዪ አሁን የምትመርጪው ዩኒቨርሲቲውን ነው፤ ዲፓርትመንት የሚመጣው የመጀመሪያውን ዓመት ከጨረስሽ በኋላ ነው። ስለዚህ የልዩ ፍላጎት ዲፓርትመንት የሌለው ዩኒቨርሲቲ ከደረሰሽ በሩ ገና ሳትደርሺ ተዘጋ ማለት ነው። አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ይሰጣሉ። ለቤትሽ የሚቀርብሽን ወሎ ዩኒቨርሲቲን ስታስቢም ስም ብቻ አትዪ፤ ዘንድሮ የትኞቹን ዲፓርትመንቶች እንደሚከፍት ሬጅስትራሩን ጠይቂ። ጄኔራል ሳይኮሎጂ ተማሪው በሙሉ ከሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች ውስጥ ስለሆነ፣ ቀምሰሽው ሐሳብሽን ለማጥራት ጊዜ ይኖርሻል። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። በዚህ ሙያ «እኔ ልጆች እወዳለሁ» ብሎ ንባብ የሚንቅ ሰው ስለማያጣ ነው የማነሳው።

ለክፍል የሚጠቅመው ሳይኮሎጂ የትኛው ነው ካልሽ፣ እንደ ሹራብ ቀላል ነገር አለ? የደሴን ጠዋት ታውቂዋለሽ። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ለሚመጣ ኮምቦልቻ ላደገ ሰው የጦሳ ተራራ ብርድ ቅጣት ነው። ስለዚህ እኛ ክፍል ሹራብ መልበስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ያልሰለጠነ ሰው ልጁን «ልበስ» ይለዋል፤ ልጁ እጅጌው ይጠፋበትና ያለቅሳል፤ ሰውየው ራሱ ያለብሰዋል። ነገም እንዲሁ። የሰለጠነ መምህር ሥራውን ይበጣጥሰዋል፦ ፊትና ኋላውን መለየት፣ ጭንቅላት ማስገባት፣ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ወደ ታች መጎተት። ከዚያ ከመጨረሻው ይጀምራል። ሁሉንም አንቺ ታለብሺውና መጎተቷን ብቻ ለእሱ ትተዪለታለሽ። ያችን ሲለምድ ግራ እጁን ማስገባትና መጎተትን ትተዪለታለሽ፤ ቀጥሎ ቀኙን። እንዲህ እያልሽ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ። ከመጨረሻው የሚጀመረው ሥራውን ሁልጊዜ የሚጨርሰው ልጁ ራሱ እንዲሆን ነው። ጎተተ፣ ለበሰ፣ ሞቀው። ድርጊት የሚደጋገመው በሚያስከትለው ውጤት ነው የሚለው የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር የስኪነር ትምህርት እዚህ ላይ ሥጋ ይለብሳል። ቪጎትስኪ ደግሞ (እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1934 የኖረ የሶቪየት ምሁር ነው) ልጅ ብቻውን በሚችለውና ሰው ሲያግዘው በሚችለው መካከል ያለው ቦታ ነው የማስተማሪያው ስፍራ ብሏል። ግራ እጅጌው ላይ የምታግዢውና የማታግዢው መጠን ያ ቦታ ነው። ይህን ሥራ ሰዎች «ትዕግሥት» ይሉታል፤ እኔ ቃሉን አልወደውም። ትዕግሥት ብቻ ቢሆን ኖሮ እናቶች ሁሉ የልዩ ፍላጎት መምህራን ነበሩ። ሙያ ነው፤ ይማሩታል።

ዩኒቨርሲቲው እስኪጠራሽ ድረስ እጅሽን አታስፈቺ። የአማርኛ ብሬል ስድስት ነጥብ ናት፤ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ ሁለት መቶ ምናምን ፊደል እሸመድዳለሁ ብለሽ አትፍሪ። በስሌት (ወረቀቱን በሚይዘው ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (ነጥቡን በሚወጋው መርፌ) ስትጽፊ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ነጥቡ የሚነሣው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ገልብጠሽ ነው የምታነቢው። በምልክት ቋንቋም በጣት ፊደል ስትቆጥሪ የእጅሽ ቅርጽ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ፊደል ለቆጠረ ሰው ደስ የሚል ጨዋታ ነው። መስማት የተሳነው ጎረቤት ካለሽ ከመጽሐፍ በፊት እሱን ለምኚ። ቋንቋ ከባለቤቱ ነው የሚለመደው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። አንቺ ተመርቀሽ እስክትመጪ አራት ዓመት ነው፤ እሱ 15 ይሞላዋል። አትጠብቂ። ዘንድሮ የመመዝገቢያው ጊዜ ሳያልፍ ኮምቦልቻ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂና ልዩ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። «ዕድሜው አልፏል» የሚል ሰው ቢገጥምሽ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ኮንቬንሽን በ2002 ዓ.ም. ማጽደቋን፣ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት መሆኑን በትሕትና ንገሪው። በትሕትና ያልኩሽ ነገም ስለምትፈልጊው ነው። ከመግባቱ በፊት ሐኪም ይየው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ላይ የልብ፣ የጆሮ፣ የዓይንና የእንቅርት ዕጢ ችግር ይበዛል። «አይገባውም» የተባለ ልጅ አንዳንዴ የማይሰማ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ስታስተምሪው ደግሞ ከወሬ ይልቅ ዕቃና ሥዕል አሳዪው፤ ብዙዎቹ ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ይይዛሉ።

እናትሽን አትውቀሻት። ልጇን ጓዳ የምታስገባ እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትሸሸው የሰው አፍ ነው። ሰዎች መጽናኛ ብለው የትነበርሽ ንጉሤን ይጠሩልሻል። ከእኛው ከደቡብ ወሎ፣ ከአማራ ሳይንት ወጥታ፣ በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ የሕግ ባለሙያ ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። እኔም እኮራባታለሁ። ለእናትሽ ግን ይህን አትንገሪያት። የወንድምሽ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ጠበቃ ይሆናል ብለሽ ተስፋ አታስይዣት። ሱቅ ሄዶ ሳሙና ገዝቶ መልስ ቆጥሮ ይመለሳል በያት። ያ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊደርስበትም የሚችል ነው።

አባትሽ እብድ ስላሉት ብዙ አልልም። የጨነቃቸው ገንዘቡ ይመስለኛል፤ ልክም ናቸው። መምህር የመምህር ደሞዝ ነው የሚበላው፤ ልዩ ፍላጎት ስላስተማረ አይነባበርለትም፤ የቤት ኪራይ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። ይህን ሳታውቂ እንዳትገቢ።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የ1ኛ ክፍል መምህር ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሳይኮሎጂ እማራለሁ። አንድ ተማሪዬ ከኋላ ሆኜ ስጠራው አይዞርም፣ ፊደልም አልያዝ ብሎታል። የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተና ከኢንተርኔት አውርጃለሁ። ልፈትነውና ልዩ ክፍል እንዲገባ ልጻፍለት?
መምህር ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ አይጻፉለት መምህር። ጥያቄዎ ውስጥ መልሱ ተቀምጧል፤ ከኋላ ሲጠሩት አይዞርም ብለዋል። ነገ ከፊቱ ቆመው፣ አፍዎን እያየ፣ ያንኑ ስም በዚያው ድምፅ ይጥሩት። ከፊቱ ሲጠሩት ከመለሰልዎ ጆሮውን ይጠርጥሩ። ጆሮው ፈሳሽ ያወጣ እንደሆነ ወላጆቹን ይጠይቁ፤ በልጅነት ሳይታከም የቆየ የጆሮ ኢንፌክሽን መስማትን ይቀንሳል። ዓይኑንም በዚያው ይዩለት። ትልቅ የላቲን ኢ ፊደል በወረቀት ይሣሉ፣ 6 ሜትር ይራቁ፣ ወረቀቱን እያዟዟሩ ክፍቱ ወዴት እንደሆነ በእጁ ያሳይዎ። የሚጠራጠሩ ከሆነ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። እስከዚያው የፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡት፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ጀርባዎን ሰጥተው አያውሩ።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቢኔ ከባልደረባው ከሲሞን ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን ያዘጋጀው ተጨማሪ እገዛ የሚሹትን የፈረንሳይ ልጆች ለመለየት ነበር፤ ውጤቱ የማይለወጥ የአእምሮ ልክ ነው ብሎም አያምንም ነበር። እርስዎ ያወረዱት በሌላ አገር ልጆች ተለክቶ የተሠራ፣ ተርጓሚው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ነው። ቁጥሩ ግን አንዴ ከተጻፈ ልጁን እስከ 8ኛ ክፍል ይከተለዋል። ሰንበት ሰንበት የሚማሩት ሳይኮሎጂ ለሰኞ ጠዋት የሚሰጥዎ ጥሩ ነገር አለ፤ መመልከትና መመዝገብ። ልጁ መቼ ይመልሳል፣ መቼ ዝም ይላል፣ ማን አጠገብ ሲቀመጥ ይሻለዋል? ለአንድ ወር ቀን እየጻፉ ይያዙ። ሐኪሙም የልዩ ፍላጎት ባለሙያውም መጀመሪያ የሚጠይቁዎ እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ነኝ። ልዩ ፍላጎት ተምሬ ማየት ለሚችሉም ልጆች መምህር መሆን እችላለሁ?
ከደሴ፣ ሸዋ በር

መልስ፦ ትችላለህ። በአገራችን ብዙ ዓይነ ስውራን መምህራን ማየት የሚችሉ ተማሪዎችን ያስተምራሉ፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም ከጎንህ ነው። ዩኒቨርሲቲ እንደገባህ፣ ፈተና ሳይደርስ፣ አንባቢ ሰውና ተጨማሪ ሰዓት እንደምትፈልግ ለዲፓርትመንትህ በጽሑፍ አስታውቅ። ቅጂውን ማኅተም አስመትተህ ያዝ።