ጾም ያደረውን መሬት ስገዛ ውሉም አብሮ ተገዝቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ በሚኒሶታ አንድ የገጠር ካውንቲ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር 80 ኤከር መሬት ገዛን። 40ው ኤከር ሣር ብቻ ነው። ሻጩ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ «ሲአርፒ» በሚባል የአሥር ዓመት የመሬት ጥበቃ ውል መንግሥት በየዓመቱ 6,000 ዶላር ይከፍልበታል፤ ስድስቱ ዓመት አልቋል ብለውን ነበር። አሁን ከካውንቲው የግብርና ቢሮ «ውሉን ትረከባላችሁ ወይ?» የሚል ደብዳቤ መጣ። ወንድሜ «ምንም ሳትፈርም እረሰውና በቆሎ ዝራበት» ይለኛል። ባልፈርም ምን ይመጣብኛል?

መልስ፦ ትራክተር ከመከራየትዎ በፊት ይህን ያንብቡ። የአገራችን ገበሬ መሬቱን ጾም ሲያሳድር ማንንም አያስፈቅድም፤ እዚህ ግን መሬት ጾም የሚያድረው በውል ነው። ሲአርፒ የሚባለው ፕሮግራም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ ባለመሬቱ በቀላሉ የሚሸረሸር ማሳውን ከእርሻ አውጥቶ ሣር ወይም ዛፍ ያለብሰዋል፤ መንግሥት ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዓመት ኪራይ ይከፍለዋል።

ውሉን የፈረሙት ሻጩ ናቸው። እርስዎ ስላልፈረሙ መንግሥት ያለፈውን ኪራይ ከእርስዎ አይጠይቅም፤ እስከዚህ ድረስ ወንድምዎ ልክ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው በሌላ በር ነው። አዲሱ ባለቤት በ60 ቀን ውስጥ ውሉን ካልተረከበ ውሉ ይቋረጣል፤ ሻጩም እስከ ዛሬ የተቀበሉትን ኪራይ በሙሉ ከነወለዱ እንዲመልሱ ይጠየቃሉ። በእርስዎ ስሌት 36,000 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ የአንድ ዓመት ኪራይ ሩብ፣ ማለትም 1,500 ዶላር፣ መቀጫ ሊጨመር ይችላል። ሽማግሌው ይህን ያህል ከፍለው ዝም ብለው የሚቀመጡ ይመስልዎታል?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የግዢ ውልዎን ይክፈቱ። ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ገጽ፣ ማንም በማያነበው ቦታ፣ «ገዢው በመሬቱ ላይ ያለውን የጥበቃ ውል ይረከባል» የሚል አንድ መስመር አይጠፋም። ካለ፣ ሻጩ የከፈሉትን ሁሉ ከእርስዎ ለማስመለስ መክሰስ ይችላሉ። ጠበቃቸው ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምመክራቸው። ከሌለ አቋምዎ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ስለ ውሉ አስቀድመው በቃል ስለነገሩዎት ክርክር አይጠፋም።

በጭፍን መፈረምም አልመክርም። የሚፈርም ሰው ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ግዴታውንም ይረከባል። ቢሮው ሄደው የውሉንና የጥበቃ ዕቅዱን ቅጂ ይጠይቁ፤ ከዚያ ዕቅዱን ይዘው ሣሩ ውስጥ ገብተው ዳር ዳሩን ይራመዱ። አረም ወርሮት፣ ወይም የጎረቤት ማረሻ ወሰኑን አልፎ ሁለት ሦስት ትልም ገብቶበት ካገኙ ፎቶ ያንሡ፤ ሻጩ ከመፈረምዎ በፊት እንዲያስተካክሉም በጽሑፍ ይጠይቁ። ክፍያው የሚወጣው ከኦክቶበር 1 በኋላ ስለሆነ የዘንድሮውን ኪራይ ማን እንደሚወስድ እዚያው ላይ ይስማሙ። ከፈረሙ በኋላ ደግሞ ሣሩን ለማሳመር ብለው አይጨዱት። ለእኛ ዓይን ባለቤት የሌለው ግቢ ይመስላል፤ ለወፎቹ ግን ጎጆ ነው፣ ውሉም የሚከለክለው ይህንኑ ነው።

በቆሎው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ውሉ ቢቋረጥ እንኳ ማሳው «በቀላሉ የሚሸረሸር» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ያለ ጸደቀ የጥበቃ ዕቅድ ማረስ በቀሪው 40 ኤከር ላይ ሊያገኙ የሚችሉትን የመንግሥት ድጋፍ ጭምር ያሳጣዎታል።

ይህን ሁሉ የምለው ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ እንዳላችሁ ገምቼ ነው። ከሌላችሁ፣ የሚኒሶታ ሕግ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር የእርሻ መሬት መግዛትን ራሱን ስለሚከለክል፣ ከቢሮው በፊት ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ካላችሁ ግን ውሉ ንጹሕ ከሆነ ይፈርሙ፤ አራት ዓመት ነው የቀረው።