ቤተሰብ የሚጭን፣ ስኪም የሚጎትት ጀልባ፦ ከሦስቱ የቱ ይሻላል?

ከአትላንታ አካባቢ አንድ አባት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ሌክ ላኒየር ላይ የምንዝናናበት ያገለገለ ጀልባ ልገዛ ነው። ከኔና ከባለቤቴ ሌላ ሦስት ልጆች (7፣ 11 እና 15 ዓመት) እና አማቴ አሉ። ትልቋ ልጄ ውሃ ላይ ስኪ ካልተማርኩ ብላ ይዛኛለች። ሦስት ጀልባ አግኝቻለሁ። አንዱ ፖንቱን (በቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሰፊ ወለል ያለው ጀልባ) ነው። ሁለተኛው ሞተሩ መሀል ላይ ያለ የስኪ ጀልባ ነው። ሦስተኛው ባለ 200 ፈረስ ጉልበት አውትቦርድ (ከጀልባው ኋላ በውጭ የሚሰቀል ሞተር)፣ 20 ጫማ ባውራይደር (ፊቱ ላይም መቀመጫ ያለው ጀልባ) ነው። የምጎትተው በቶዮታ ሃይላንደር ነው። የቱን ልውሰድ?»

ባውራይደሩን ውሰድ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ምናልባት ሌላ ሰው ቀድሞህ ቢገዛው እንኳ ቀጣዩን ለመምረጥ አትቸገርም።

የስኪ ጀልባው ያማልላል። ሻጩ «ለስኪ ከዚህ የተሻለ የለም» ብሎህ ከሆነም አልዋሸህም። ሞተሩ መሀል ላይ ስለሆነ ክብደቱ እኩል ይከፋፈላል። ሆዱ ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ ከኋላው የሚተወው ማዕበል ትንሽ ነው። ግን የተሠራው ለረጋ ውሃ ነው። ላኒየር ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደሚመስል ደግሞ ታውቃለህ። ትልልቁ ጀልባ ሁሉ ወጥቶ ውሃው ሲናወጥ፣ ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ጀልባ እያንዳንዱ ማዕበል ላይ ዷ ይላል። ጣጣው የሚያርፈው አማትህ ወገብ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ መሀሉን ስለያዘው ስድስት ሰው እንደልብ አያስቀምጥም።

ፖንቱኑ ተቃራኒው ነው። ለአማትህ ሳሎን ማለት ነው። ባለ ሦስት ቱቦና ጉልበተኛ ሞተር ያለው ከሆነ ስኪ ይጎትታል። ባለ ሁለት ቱቦው ግን ልጆቹን በቲዩብ (በአየር በተነፋ ጎማ) ከማንሸራሸር ብዙም አያልፍም።

ባውራይደር ሆዱ እንደ ቪ የሾለ ስለሆነ ማዕበሉን ይሰነጥቃል። ከኋላ በኩል ያለው የሹለቱ ማዕዘን ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ከሆነ ለሐይቅ ጥሩ ነው። ወደ 24 የተጠጋው ለባሕር ይሻላል፤ ማዕበሉም ለስኪ ይበዛል። ውድድር ላይ ያሉ ስኪተኞች በሰዓት 34 እና 36 ማይል ይጎተታሉ። ያንተ ልጅ በሁለት ስኪ ስትጀምር ከ18 እስከ 22 ማይል ይበቃታል። ለትንሹ 15 ገደማ። ለዚህ የውድድር ጀልባ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው አነሳሱ ፈጣን የሆነ ጀልባ ነው። ልጅቷ ውሃ ውስጥ ጉልበቷን አጥፋ ገመዱን ይዛ ስትጠብቅ ጀልባው ብድግ ለማለት ከተንቀራፈፈ፣ ውሃ እየጠጣች ትጎተታለች፤ ክንዷ ይዝላል፤ ትለቀዋለች። ሰው ሁሉ ይኼን ሲያይ ትልቅ ሞተር ይመኛል። እኔ መጀመሪያ የማየው ፕሮፔለሩን ነው፤ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋውን።

ፕሮፔለሩ ላይ 17፣ 19፣ 21 የሚል ቁጥር ታገኛለህ። ፒች ይባላል። በአንድ ዙር፣ ምንም ሳያንሸራትት ቢሆን፣ ስንት ኢንች ወደ ፊት እንደሚገፋ ነው የሚናገረው። ብዙ ባለቤቶች ለፍጥነት ብለው ከፍ ያለውን ይገጥማሉ፤ አነሳሱ ይሞታል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ቤተሰቡን ሁሉ ጭነህ ሐይቁ ላይ ሞክረው። ጋዙን እስከ መጨረሻው ስጠውና ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር አንብብ። የሞተሩ መመሪያ ከፍተኛው ዙር ከ5,000 እስከ 6,000 ይሁን የሚል ከሆነና አንተ 5,200 ካነበብክ፣ ከ19 ወደ 17 ውረድ። አንድ ኢንች ስትቀንስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል፤ ስለዚህ 5,500 ወይም 5,600 ላይ ትደርሳለህ። ከከፍተኛው ፍጥነት ጥቂት ማይል ታጣለህ፣ ልጅቷ ግን ትነሣለች። መጀመሪያውኑ 5,900 ካነበብክ አትንካው፤ ፒቹን ከቀነስክ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል።

አሁን ወደ መኪናህ። በቤንዚን ብቻ የሚሠራው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሃይላንደር ለመጎተት ከተዘጋጀ እስከ 5,000 ፓውንድ ይስባል። ሃይብሪዱ 3,500 ብቻ ነው። ማስታወቂያ ላይ የምታየው ክብደት ብዙ ጊዜ የባዶው ጀልባ ነው። ለምሳሌ ጀልባው ከነሞተሩ 3,000፣ ተጎታቹ 900፣ 40 ጋሎን ቤንዚን 240፣ መልህቅ፣ ባትሪ፣ ስኪና ላይፍ ጃኬት 250 ብንል፣ ድምሩ 4,390 ነው። የዶሮ ወጡ ድስት ሳይቆጠር። ሃይብሪድ ከሆነ ያለህ፣ ጀልባውን ከመግዛትህ በፊት የመኪናውን ነገር ጨርስ።

ያገለገለ አውትቦርድ ስታይ ሁለት ነገር አትለፍ። ሞተሩ የተሰቀለበትን የኋላ ግድግዳ በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርገው። ጠንካራ ድምፅ ካለው ደህና ነው፤ የታፈነ ዱብ ዱብ ካለ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሶ ይሆናል። ሞተሩን ከፍ አድርገህ ጫን ስትለውም ግድግዳው መነቃነቅ የለበትም። ቀጥሎ የታችኛውን የማርሽ ዘይት ትንሽ አስወርደህ እይ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

የስኪ ገመድ ርዝመቱ እስከ መያዣው 75 ጫማ ነው። ጀልባው ዳር ላይ ሲቆም ከሚታሰርባቸው ብረቶች ጋር አትሰረው፤ ለዚያ ጉልበት አልተሠሩም። ኋላ ግድግዳው ላይ ግራና ቀኝ ካሉት ቀለበቶች ጋር የሚያያዝ፣ ሞተሩን ዞሮ የሚያልፍ የቪ ቅርጽ ገመድ አለ፤ እሱን ግዛ። ጀልባው ከላይ የብረት ታወር (ገመድ የሚታሰርበት ከፍ ያለ ቅስት) ካለው ደግሞ ቲዩብ ከእሱ አትጎትት። ቲዩቡ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ታወሩን ይገነጥላል።

አውትቦርድ ፕሮፔለሩ መሰላሉ አጠገብ ነው። ልጅቷን ስታነሣ ሞተሩን አጥፋ፤ ኒውትራል ብቻ አይበቃም። ከኋላ የሚያይልህ አንድ ትልቅ ሰው ይኑር፤ አንተ ፊት ፊትህን ነው የምታየው። ከ2021 ሚያዝያ ጀምሮም ከ26 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ በፍጥነት የሚነዳው ሰው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከራሱ ጋር ማያያዝ በፌዴራል ሕግ ግዴታው ነው። ስትገዛ ገመዱ መኖሩን አረጋግጥ፤ ሲጎተት ሞተሩ በእርግጥ መጥፋቱንም ሻጩ ፊት ሞክረው።