የቅርፊት ጥንዚዛ ወይስ የልጥ ነቀዝ?

ጥያቄ፦ የደን ተባይ መለያ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዛፍ ቅርፊት ሥር ገብተው የሚቦረቡሩትን ጥቃቅን ነፍሳት «የቅርፊት ጥንዚዛ» ልበላቸው ወይስ «የቅርፊት ነቀዝ»?

መልስ፦ ነቀዝ ይበሏቸው። «ነቀዝ የእህል ብቻ ነው» የሚለውን አስተያየት ፈጽሞ አልቀበለውም። ነቀዘ ግእዝ ነው፤ እንጨትም ይነቅዛል፣ ጥርስም ይነቅዛል። ከውስጥ እየተበሉ መቦርቦር ማለት ነው፤ የእነዚህም ሥራ ይኸው ነው። ተከራካሪዎቼ «ነቀዝ ረጅም አፍ አለው፣ እነዚህ የላቸውም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን አንቴናቸው እንደ ክርን ይታጠፋል፣ ጫፉም ያብጣል። ስኮሊቲኔ የተባለው ንዑስ ቤተሰባቸውም የሚመደበው በነቀዞቹ ቤተሰብ በኩርኩሊዮኒዴ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ነፍሳት የአንዱ ወገን (ጂነስ) ስም የሆነው ኢፕስ ራሱ በጥንቱ ግሪክኛ ቀንድና የወይን ተክል የሚበላ ትል ነበር። ከነቀዝ በምን ይለያል?

«ቅርፊት» የሚለውም አያረካኝም። አብዛኞቹ የሚበሉት ደረቁን ቅርፊት ሳይሆን ከሥሩ ያለውን እርጥቡን ልጥ ነው፤ «ልጡ የተራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ» ስንል የምናስበውን፣ ተልጦ ማሰሪያ የሚሆነውን። ስለዚህ «የልጥ ነቀዝ» ለጆሮዬ ይጥመኛል።

ወገኖቹን ለመለየት ዋናው ቦታ የጠንካራው ፊት ክንፍ ኋለኛ ጫፍ ነው፤ «ቁልቁለት» ይበሉት። የኢፕስ ቁልቁለት ጎድጉዶ ዳርና ዳሩ እሾህ ያበቅላል፤ የአውሮፓን ጥድ መሰል ዛፎች የሚፈጀው ኢፕስ ቲፖግራፉስ በየጎኑ 4 አለው። ራሱም በደረቱ ጋሻ ስለሚከለል ከላይ አይታይም። የደንድሮክቶኑስ (ስሙ «ዛፍ ገዳይ» ማለት ነው) ቁልቁለት ግን ክብና እሾህ አልባ ነው፣ ራሱም ከላይ ይታያል። ስኮሊቱስን በጀርባው አይፈልጉት፤ ገልብጠው ሆዱን ይዩ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ሽቅብ ይቆለመማል።

የቡናን ፍሬ የሚበሳው ሂፖቴኔሙስ ሐምፔይ ከዚሁ ንዑስ ቤተሰብ ነው፤ እሱ ግን ልጥም ቅርፊትም አይነካም፣ ስለዚህ ስሙን ከፍሬው ያውጡለት።

የግብርና ባለሙያዎች «ጥንዚዛ» ማለቱን እንደለመዱ አውቃለሁ። ጥንዚዛ ለእኔ ማታ ማታ እየጮኸ የሚበረው ትልቁ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ለምትሆን ነፍሳት ስሙ ይሰፋታል። ይሁንና መመሪያዎን የሚያነቡት እነሱ ናቸውና፣ በርእሱ ላይ «የቅርፊት ጥንዚዛ» ቢጽፉ ልከለክልዎ አልችልም። በመጀመሪያው ገጽ ግን «የልጥ ነቀዝ»ን አብረው ያስፍሩልኝ።